በጌታሁን ፈንታ የመለስኩት

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በጾሙ መግቢያ ነው፤ አሁን ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በቀን ከአንድ አንቀጽ በላይ መግፋት አልቻልኩም። የሚገርመው፣ የኖርኩት በመጻፍ ነው። ጂንካ ፍርድ ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ምስክር የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል እየተከተልኩ ጽፌያለሁ። የሌላ ሰው ቃል ከብዶኝ አያውቅም። የራሴ ግን ይኸው እስከዛሬ ይዞኛል።

ባለቤቴ ጌታሁን የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ከቱርሚ ወዲያ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ይሰነብትና በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ አቧራውን እያራገፈ ይመጣል። ካምፕ ውስጥ ምግብ በሰዓቱ ስለማይበላ ጨጓራ ነበረበት። ቢያንስ እኛ ቤት ከደረቱ በታች ለሚሰማው ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነበር። ተልባ በጥብጬ እሰጠዋለሁ፤ ጠጥቶ ይተኛል፤ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስለ እሱ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ጌታሁን ሐኪም ፊት አይናገርም ነበር። ያደገበት ቤት ወንድ ልጅ «እዚህ ጋ ወጋኝ፣ እዚያ ጋ ቆረጠኝ» እያለ ሲዘረዝር እንደ ነውር የሚታይበት ቤት ነው። አባቱም ሲታመሙ የሚናገሩላቸው እናቱ ነበሩ። እኛም ሐኪም ቤት ስንሄድ እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እናገራለሁ። በዚህም የጎበዝ ሚስት ኩራት ይሰማኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ ቤት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደረቱ በታች ያዘው። ላብ አጠመቀው። ባጃጅ ጠርቼ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ የክሊኒኩን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። አንድ ወጣት ሐኪም አየው፣ የጨጓራ መድኃኒት አዘዘለት፣ ወደ ቤት ተመለስን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ስናደርሰው ነፍሱ አልወጣችም ነበር። የልብ መመርመሪያውን አድርገውለት «ልቡ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ጀንበር ሳትጠልቅ ሄደ።

ከአርባው በኋላ አቤቱታ ጻፍኩ። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ እኔን የሚያስተምረኝ የለም። ሦስት ገጽ ሆነ። መካከሉ ላይ «ሐኪሙ ታማሚውን በአግባቡ ሳይጠይቅ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ ክሱ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ጽፌ ጨርሼ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን ወዲያው እንዳላስገባሁት ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «ማስረጃ እያሟላሁ ነው» እላችሁ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ያ ሐኪም ነበር፤ ዶክተር ታምራት። ትንሽ ከስቷል። ግባ አልኩት፤ ገባ፤ ተቀመጥ ብለው ግን አልተቀመጠም።

ባለቤቴን ያየው እሱ መሆኑን እንደማውቅ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ እስከ አጥሩ መጥቶ መመለሱንም ነገረኝ። ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ አስረዳኝ። ክሊኒኩን ትቶ አሁን የሕክምና ተማሪዎች ያስተምራል። ለመመረቅ የተቃረቡት ተማሪዎች ቱርሚ፣ ቀይ አፈር፣ ኦሞራቴ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ተበትነው፣ ጠዋት ጠዋት ተመላላሽ ታካሚ ሲታይ አብረው ተቀምጠው ያያሉ። በየጤና ጣቢያው አብሮ የሚቀመጥ አስተማሪ ግን የለም። ስለዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በየስልካቸው ኢንተርኔት ላይ ይገናኛሉ። እሱ የአንድ ታማሚ ታሪክ ያቀርባል፤ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ልክ ታማሚው ፊታቸው እንደተቀመጠ አድርገው ይጠይቁታል፤ የተሳሳቱትን ያርማል።

«የባለቤትዎን ታሪክ ያለ ስማቸው ጽፌዋለሁ» አለ። «እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አላስተምረውም።»

«አንተን ያስተማረህ ሰው አልነበረም?» አልኩት።

ወለሉን እያየ «ነበረ» አለ። «የተማርኩትን ያን ቀን አልሠራሁበትም።»

መፍቀዴን ነገርኩት፤ ነገር ግን ሲያስተምረው እኔም እዚያ እንድኖር ጠየቅኩ። ፊቱ ተለዋወጠ። ቢሆንም እሺ አለ።

ልቤ ውስጥ የነበረውን አልደብቃችሁም። አቤቱታዬን ተማሪዎቹ ፊት ላነብበት ነበር። ዳኛ ፊት ያልወሰድኩትን ነገር ነገ ሐኪም የሚሆኑ ልጆች ይስሙት፣ አስተማሪያቸው ማን እንደሆነ ይወቁት ብዬ ቆረጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ ተለማመድኩ።

ሐሙስ ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ሦስቱን ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። የባጃጁ ሹፌር ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀኝ ነው።

«እትዬ ወይንሸት፣ ጡረታ ወጣሁ አላሉኝም ነበር? ዛሬ ችሎት አለ እንዴ?»

«አለ» አልኩት።

ዶክተር ታምራት የሚያስተምርበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ላፕቶፕ። ተማሪዎቹ ሰባት ናቸው፤ ፊታቸው በትንንሽ መስኮቶች ተደርድሯል። ሐና የምትባለው ኦሞራቴ ናት፤ ሙቀቱ ስላስቸገራት በደብተር ታራግባለች። ኢዮብ የሚባለው ቀይ አፈር ነው፤ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ መቀለድ ጀመረ። ቱርሚ ያለው ደምሴ ፊቱ አይታይም፤ ኔትወርኩ ስለማይችልለት ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ያም ይዋጣል። ዶክተር ታምራት «ዛሬ የታማሚው ቤተሰብ አብረውን አሉ» ብሎ አስተዋወቀኝ። ማን እንደሆንኩ አልተናገረም። ተማሪዎቹ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉኝ።

ትምህርቱ ተጀመረ። ታማሚውን የሚሆነው ራሱ ነው። «ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጨጓራዬን አሞኛል» አለ።

መጀመሪያ ኢዮብ ጠየቀ። ጨጓራ ድሮም ነበረብዎት? አዎ። ትናንት ቃሪያ የበዛበት ነገር በልተዋል? በልቻለሁ። ሲበሉ ይብስብዎታል? አዎ።

«በቃ፣ እኔና ታማሚው ተስማምተናል» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

እኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን መሪ ጥያቄ እንለዋለን፤ ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ተጠያቂው አፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጠበቃ ሲጠይቀው ዳኛው ይከለክላል። እጄ ቦርሳዬ ላይ ጠበቀ። ይኸው፣ እንዲህ ነው ባሌን የገደሉት አልኩ በልቤ።

ቀጥላ ሐና ገባች። እሷ አልቸኮለችም። ሕመሙ ሲጀምር ምን እየሠሩ ነበር፣ ሌላ ቦታስ የሚሰማዎት ነገር አለ ብላ ጠየቀች። ዶክተር ታምራት እንደ ታማሚ ሆኖ «ግራ ክንዴን ይከብደኛል፤ ትንፋሽም ያጥረኛል» አለ። ሐና ማራገቧን አቆመች። ይህ ጨጓራ ላይሆን ይችላል፣ አሁኑኑ የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ እኔ ጋ መሣሪያ ከሌለ ሳልውል ሳላድር ወደ ሆስፒታል እልከዋለሁ አለች። ልክ ነሽ አላት።

አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጌታሁን በአሥር ደቂቃ ዳነ።

መደሰት ወይም መናደድ ነበረብኝ። ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ይኮረኩረኝ ጀመር። ዕድሜ ልኬን ቃል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መዝገብ ሲጎድል ይሰማኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ታማሚው ብቻውን ነው የመጣው።

ከዚያ የዚያ ቅዳሜ ጠዋት ቃል፣ ልክ እንደ ችሎት ቃል፣ በተራው ወደ ትዝታዬ መጣ።

«አባቴ፣ ምን ሆነው ነው?» ብሎ ጠየቀ ሐኪሙ። «ጨጓራው ተነስቶበት ነው» አልኩ እኔ።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ጌታሁንን እያየ ነው የጠየቀው። «እዚህ ጋ፤ ሁልጊዜም እዚሁ ነው» አልኩና በራሴ ሆድ ላይ አሳየሁት።

«ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?» ጌታሁን አፉን ከፈተ። «ምንም የለም፤ መድኃኒቱን እናውቀዋለን፤ ያችኑ ይጻፉልን» አልኩ። ሐኪሙ ጌታሁንን አየው። ጌታሁን እኔን አየኝ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሐኪሙ ጠይቆ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠይቋል። ሦስት ጊዜም የመለስኩት እኔ ነኝ። በጻፍኩት ሦስት ገጽ ውስጥ ይህ የለም። ለምን ዓመት ከመንፈቅ ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጥኩት ያን ጊዜ ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያውም ሳይገባኝ አልቀረም።

ዶክተር ታምራት ወደ እኔ ዞሮ «ቤተሰቡ የሚሉት ነገር አላቸው» አለ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልክ በዚህ ጊዜ መብራት ጠፋ። የተማሪዎቹ ፊት አንድ በአንድ ከስክሪኑ ተሰወረ። በስልኩ ሊያገናኛቸው መነካካት ያዘ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ለምን አወጣኸኝ?» አልኩት።

«ከምኑ?»

«ከታሪኩ። ሰውየው ብቻውን አልመጣም።»

ጣቶቹ ስልኩ ላይ ቆሙ። «እርስዎን ተማሪዎች ፊት ላቆምዎት አልፈለግኩም» አለ። «እርስዎ ሕክምና አልተማሩም፤ የተማርኩት እኔ ነኝ። እርስዎን አስታግሶ እሳቸውን ማናገር የኔ ሥራ ነበር። ውጭ ወረፋ በዝቶ ነበር፤ እርስዎ ሲመልሱልኝ ደስ አለኝ። እውነቱ ይህ ነው።»

«እኔም የተማርኩት አለ» አልኩት። «የሰው ቃል ሲቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ከኔ በላይ የሚያውቅ ጂንካ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መዝገቡ ይታረም።»

ተማሪዎቹ በስልኩ ትንሽ ስክሪን ተመለሱ። ወንበሬን ስቤ ከዶክተሩ ጎን ተቀመጥኩ። የታማሚው ሚስት መሆኔን ነገርኳቸው። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ ነገር ግን አላነበብኩትም።

«አሁን ያዳናችሁት ሰው የኔ ባል አይደለም» አልኳቸው። «የኔ ባል አጠገቡ እኔ ነበርኩ። እንደገና ጀምሩ። አሁን እኔም አለሁበት።»

ኢዮብ «ማዘር፣ ቅድም የቀለድኩት ሳላውቅ ነው፤ በጣም ይቅርታ» አለ።

«ተወው ልጄ። ጠይቅ።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ በደንብ አስታውሳለሁ። ኢዮብ ዶክተሩን ጠየቀ፤ እኔ መለስኩ። ደግሞ ጠየቀ፤ መለስኩ። ጨነቀውና «ማዘር፣ ለጊዜው ውጭ ቢጠብቁንስ?» አለ። «የት ልውጣ? ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ! አንተ ዛሬ አይተኸው!» አልኩት። ተራውን ለቀቀ። ሐና በለዘበ ድምፅ ሞከረች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ሳታውቀው እኔን መጠየቅ ጀመረች፤ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን ሲበላ ነው ትለኛለች። እሷም ጨጓራ አለች። ተከትለዋት የገቡት አራቱም እንዲሁ ሆኑ። አስመስዬ የተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። አፌ ራሱ ነበር የሚቀድመኝ። ዝም ልበል ብል እንኳ የምችል አይመስለኝም ነበር።

በመጨረሻ የቱርሚው ደምሴ ቀረ። ከጂንካ አቅራቢያ ካለ የአሪ መንደር የወጣ ልጅ ነው፤ አማርኛውን እየመረጠ በዝግታ ነው የሚናገረው።

«እናቴ፣ በመጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ» አለኝ። «የሚያውቁትን ሁሉ። አልቸኩልም።»

ነገርኩት። ስለ ካምፑ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ተልባው፣ ስለ ላቡ። እስኪያልቅብኝ ድረስ ተናገርኩ። አንዴ እንኳ አላቋረጠኝም። ስጨርስ የነገርኩትን በአጭሩ መልሶ ነገረኝና «የቀረ አለ?» አለ። የለም አልኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን አባቴ ይነግሩኛል። እኔ እርስዎን እስኪጨርሱ እንደጠበቅኩዎት፣ እርስዎም እሳቸውን እስኪጨርሱ ይጠብቁልኛል?»

እሺ አልኩ።

«አባቴ፣ ምን ይሰማዎታል?»

አፌ ተከፈተ። ጨጓራው ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ አፌን ያዝኩና ጠበቅኩ። ቱርሚ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ ተሰማ፤ አልፎ ሄደ። ዶክተር ታምራት ቅድም እንዳለው «ግራ ክንዴን» ማለት ነበረበት። አላለም።

«አባቴ?» አለ ደምሴ።

«አላውቅም» አለ ዶክተር ታምራት፣ በታማሚው ሳይሆን በራሱ ድምፅ። «ቅድም ለሐና የመለስኩላት ከመጽሐፍ ያመጣሁትን ነው። እሳቸው ምን ይሉኝ እንደነበር አላውቅም። አፋቸውን ሲከፍቱ አይቻለሁ። አልጠበቅኳቸውም።»

ሐና ፊቷን በደብተሩ ሸፈነች። እኔ አላለቀስኩም። ከሞተበት ቀን ጀምሮ እኔና ይህ ወጣት ሐኪም፣ ሁለታችንም ያንን አንድ መልስ ስንፈልግ እንደኖርን ነው የገባኝ። የትም አይገኝም። ጌታሁን ይዞት ሄዷል።

«ጽሑፍህ ላይ የፈጠርከውን መልስ ሰርዝ» አልኩት። «በቦታው 'ሊናገር ሲል ታለፈ' ብለህ ጻፍ።»

እዚያው ፊቴ ጻፈው።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ደምሴን ይህን ዘዴ ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ጤና ጣቢያቸው ውስጥ በአስተርጓሚ እንደሚሠሩ ነገረኝ። አስተርጓሚው ደግ ሰው ነው፣ አካባቢውን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ታማሚው ሳይናገር ይመልሳል። ደምሴ በመጀመሪያ ይቆጣው ነበር፤ ሲቆጣው ያኮርፋል። ኋላ ግን አስቀድሞ አስተርጓሚውን ራሱን መስማት ጀመረ። «የሰሙት ሰው ይታገሣል» አለኝ።

ውድ አንባቢዎች፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉን ይቅር ብዬ ወደ ቤቴ የሄድኩ አይምሰላችሁ። እስከዛሬ ዓርብ ማታ ሲሆን የመኪና ድምፅ አዳምጣለሁ። ዶክተር ታምራትንም አንዳንድ ቀን ሳየው ደሜ ይፈላል፤ ራሴንም እንዲሁ። ነገር ግን ያን ሳምንት አቤቱታውን አውጥቼ አራተኛ ገጽ ጨመርኩበት። እኔ የተናገርኩትን፣ ጌታሁን ፊቴን ያየበትን፣ ራሱን የነቀነቀበትን ጨምሬ ጻፍኩ። አራቱንም ገጽ ለዶክተር ታምራት ሰጠሁት። አሁን ተማሪዎቹ ወደየጤና ጣቢያው ከመሄዳቸው በፊት ያነቡታል።

እኔም ከዚያ ወንበር አልተነሳሁም። አዲስ ተማሪዎች በመጡ ቁጥር ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቀርባለሁ፤ መብራት ከሌለ ቤቴ ሆኜ በስልኬ እገባለሁ። እመልሳለሁ፣ አቋርጣለሁ፣ እቆጣለሁ። ተማሪው አልፎኝ ታማሚው ጋ እስኪደርስ አልለቀውም። አንዷ ልጅ አልሆን ብሏት አለቀሰች፤ ነገ ተመለሽ አልኳት፤ ተመለሰች። እነዚያን ሦስት መልሶች ደግሜ በተናገርኩ ቁጥር ያመኛል። ሕመሙ ግን ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ከሚቀመጥ ሥራ ቢሠራ ይሻላል ብዬ ቆርጫለሁ።

እናንተም ባላችሁን፣ እናታችሁን፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የምታውቁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ከዚያ አፋችሁን ያዙ። የበሽታውን ስም ከቤት ይዛችሁ አትሂዱ። እናንተ ዝምተኛ ወንዶች ደግሞ፣ ሚስቶቻችሁ ስለ እናንተ ብዙ ያውቃሉ፤ ውስጣችሁ የሚወጋችሁን ግን አያውቁም። ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት ደምሴ ደወለልኝ። ተመርቆ አሁን ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። አንድ ነጋዴ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር መጣ አለኝ። እሷ ተናገረች፣ ጨጓራው ነው አለች፣ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ባልየውን ጠየቀው።

«ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ጠበቅኩት» አለኝ።

«ምን አለህ ታዲያ?»

«ጨጓራዬን ነው አለኝ። የልብ ምርመራም አደረግኩለት። ጨጓራ ነው፣ እናቴ።»

ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ደምሴም ሳቀ። ሚስትየዋ ምን አለች ብዬ ጠየቅኩት።

«'ድሮስ ምን አልኩህ' አለችኝ።»

«እሱ ሲናገር ግን ጠበቀችው?»

«ጠበቀችው» አለኝ።